በትርፍራፊ ጋዝ እህቴን ልናመጣ የሄድን ሰሞን

ጋይንትንና ስማዳን ያላያችሁ፣ ምናልባትም የማታዩ፣ ብዙ ናችሁ። እኔም እስከ ዘንድሮ ፋሲካ ድረስ ከመካነ ኢየሱስ ወጥቼ የማውቀው በአውቶቡስ እስከ ደብረ ታቦር ብቻ ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ፣ የበላነውን ሽሮ ሳይቀር፣ እነግራችኋለሁ። ደስ የሚለውንም የማይለውንም። የማይለው ይበዛል።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድን ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ያገባችው ስማዳ ውስጥ ነው፤ መንደሯ ከወገዳ ወዲያ፣ ወደ ታች ጋይንት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ያየቻት ነርስ ልጁ በሆዷ ውስጥ እንደ ቀንበር ተጋድሟል፣ ምጥ ሳይመጣ ቀዶ ጥገና ወዳለበት ሆስፒታል ትሂድ አለች። ቀዶ ጥገና ያለው ደግሞ በእኛ በኩል ነው። በዚያ መንገድ የሕዝብ መኪና ከቆመ ሰንብቷል። ቤንዚንም ቢሆን በሃይላንድ ጠርሙስ ተደብቆ ካልተሸጠ አይገኝም፤ የተገኘውም ግማሹ ውኃ ነው። እናቴ ማልቀስ ስትጀምር አጎቴ ሙሉቀን፣ «እኔ አመጣታለሁ። ቤንዚን ማን ፈለገ?» አለ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሞያ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሞተር ያስተምራል። ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በሲሚንቶ ለስኖ፣ አየር እንዳያስገባ አድርጎ ከድኖታል። ምግብ ቤቶች የሚጥሉትን ትርፍራፊና የጠላ አተላ ከውኃ ጋር ያስገባበታል። እዚያ ታፍኖ ሲበሰብስ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ በቱቦ ይሄድና በባጃጁ ጣራ ላይ በታሰረ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ይገባል። ባጃጁ ሲነሳ ትንሽ ቤንዚን ይቀምሳል እንጂ ከዚያ ወዲያ የሚነዳው ጋዙ ነው። ከረጢቱ ሲሞላ ባጃጁ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ይመስላል። የሰፈራችን ልጆች «ፍራሹ መጣ» ይላሉ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት ወገዳም ሌላ ጉድጓድ ሠርቷል፤ ጋሽ ሰይድ በሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ። ሐሳባችን በቤታችን ጋዝ ወገዳ መድረስ፣ እዚያ ከረጢቱን መሙላት፣ ይታይሽን ከመንደሯ ማንሳት፣ በወገዳ በኩል እንደገና ሞልተን መመለስ ነበር። እናቴ እግሯን ታማ ስለተኛች፣ ሴት ትከተላት ተብሎ እኔ ተላክሁ።

ረቡዕ

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ቀን ስም አለው። ረቡዕ አልዓዛር ይባላል። ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። እናቴ በሶና የፋሲካ ዳቦ አስራ ሰጠችኝ፤ ለይታይሽም አዲስ ነጠላ።

ከከተማ እንደወጣን አንድ መሪጌታ ጥላ ይዘው በእግራቸው ሲሄዱ አገኘንና ጫንናቸው። አንጋጠው ጣራውን አዩ።

«ይቺ በምንድን ነው የምትሄድ?»

«በትርፍራፊ ነው፣ መሪጌታ» አለ አጎቴ።

«የማን ትርፍራፊ?»

«የምግብ ቤት።»

«እንግዲያስ የኔን ተማሪ ራት ነዋ የምትነዱት» አሉ። «በጾሙ ልጆቼ አኮፋዳቸው ባዶ ሆኖ ሲመለሱ፣ የዚህ አገር ቁራሽ ወዴት ሄደ እያልሁ ነበር። ለካ ጣራ ላይ ወጥቷል።»

እኔ ሳቄን ዋጥሁ። አጎቴ ግን ነገሩ ከነከነው። «የምናስገባው ሰው የማይበላውን ነው። የሻገተውን፣ አጥንቱን፣ የድስት እጣቢውን።»

«ሰው የማይበላው ምን እንደሆነ አንተ ገና አላየህም፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ለምን እንደምንሄድ ስነግራቸው ቀልዱን ተዉት። ሲወርዱ የባጃጁን ጣራ በጥላቸው ነካ አድርገው፣ «ለነፍሰ ጡር ከሆነስ ይሂድ። ማርያም በሽልም ታውጣት» አሉ።

ወደ ስማዳ እየዘለቅን ስንሄድ አገሩ ይለወጣል። በእኛ በእስቴ ከማሳ ላይ ድንጋይ ይለቀማል፤ እዚያ ግን ከድንጋይ መካከል ማሳ የተለቀመ ይመስላል። ዳገት በመጣ ቁጥር እኔ ወርጄ እገፋለሁ። አንድ ቦታ የግራር ቅርንጫፍ ከረጢቱን ጫረውና እንደ እባብ ፉጨት አሰማ። አጎቴ ላዩ ላይ ወጥቶ በእጁ ደፍኖ ያዘ፤ እኔ ደግሞ ለጎማ የሚሆነውን ልጣፊ ፍለጋ ሳጥኑን ገለበጥሁት። እስክናገኘው ብዙ ጋዝ ሄደ። አጎቴ የተሳደበውን አልጽፈውም፤ ግራሩ ብቻ ሰምቶታል።

ምሳ የበላነው መንገድ ዳር ሽሮ ከምትሸጥ ሴት ቤት ነው። ቀጭን ሽሮ ነበር። በእኛ ከተማ ትሪ ሲነሳ ሁልጊዜ ዳርዳሩ ላይ የቀረ እንጀራ አለ፤ የአጎቴ ባጃጅም የሚሄደው በሱ ነው። እዚያ ከጎናችን የበሉት ሰዎች ትሪውን ሲመልሱ የታጠበ ይመስል ነበር። የታጠበበትን ውኃ ደግሞ ሴትዮዋ ለፍየሏ ሰጠች። አጎቴ ያንን ሲያይ ነበር።

ወገዳ ልንደርስ ስንል ጋዙ አለቀ። የቀረውን መንገድ ገፍተን ገባን። ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ወጥተው፣ «ኢንጂነር፣ መኪና ይጋልባል እንጂ ይገፋል እንዴ?» አሉና እሳቸውም አብረው ገፉ። ባለቤታቸው እመት ዘሀራ ለእግሬ ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ። እኛ እስላም ያረደውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ፣ ዶሮውን የጎረቤት ክርስቲያን አስባርከው፣ በጎረቤቲቱ ድስት አሠርተው ጠበቁን። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ አልጋ የምለቅቀው እኔ ነኝ፤ እዚያ ግን ተራው ደርሶኝ እንደ ትልቅ ሰው ተኛሁ።

ሐሙስ

ጠዋት አጎቴ ቱቦውን ከጉድጓዱ ጋር አገናኘ። ከረጢቱ ወዲያው ተነፋ። ከቤታችን ይልቅ ፈጥኖ ስለሞላ በጣም ደስ አለኝ፤ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ቀረጽሁ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ደስታቸው ከፊታቸው ይፈሳል።

አጎቴ ግን አሸተተ። ከቱቦው ጫፍ ላይ ክብሪት ጫረ፤ ጠፋ። ሌላ ጫረ፤ እሱም ጠፋ። ነፋስ ነው ብለን እኔ በነጠላዬ ከለልሁለት። እሳቱ ወደ ጋዙ ሲጠጋ፣ ሰው እፍ እንዳለበት ክስም ይላል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን አበሉት?» አለ አጎቴ።

«ምን ያላበላሁት አለ ብለህ ነው። ዘንድሮ የናንተም ጾም የኛም ጾም ተገናኘ። ረመዳን አለ፣ ሁዳዴ አለ፤ ጉድጓዱም አብሮ ጾመ። ከድስት እጣቢ በቀር ያገኘው አልነበረም። አንተ ለፋሲካ ደውለህ 'ነፍሰ ጡር ነው የምንጭነው፣ ደህና አድርገው ይመግቡት' ስትለኝ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርሁ። ጉድጓዱም ይፈስክ አልሁ። ክርስቲያኑም እስላሙም ያልያዘው የለም። ሞራው፣ ቅልጥሙ፣ የዶሮ ወጡ ቅባት፣ አተላው በእንስራ። በአንድ ቀን ጠጥቶት አደረ።» ትንሽ ሳቁ። «በወገዳ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የሚገናኘው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው፤ አንተ ነህ ያገናኘኸን።»

አጎቴ አልሳቀም። «እኛ ከጾም ስንወጣ መጀመሪያ ምን እንደምንጠጣ ያውቃሉ?»

«ተልባ ነዋ።»

«ለምን ይመስልዎታል?»

«ሆድ እንዳይቆጣ…» አሉና ጋሽ ሰይድ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ወደ ጉድጓዱ ዞሩ። እመት ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሁለት ዓይነት ተሕዋስያን ይኖራሉ። አንዱ ምግቡን ያኮመጥጣል፤ ሁለተኛው ኮምጣጣውን ወደሚነድ ጋዝ ይለውጣል። ሁለተኛው ዘገምተኛ ነው። በጾሙ ተርቦ አንሶ ነበር፤ ያ ሁሉ ድግስ በአንድ ቀን ሲወርድ የመጀመሪያው ብቻ ተነሳ፣ ጉድጓዱ ኮመጠጠ፣ ሁለተኛው ሞተ። ጋዝ ይወጣል፤ ግን ለስላሳ ስንከፍት የሚያፈላው ዓይነት ነው እንጂ አይነድም። ይህን አጎቴ ለእኔ የነገረኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያለው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። መግቡት አልሁ እንጂ እንዴት እንደሚመገብ አልነገርሁም» ብቻ ነበር።

«አመድ ብንጨምርበትስ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ይረዳዋል። ግን ሳምንታት ይፈልጋል።»

ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን አድርገው ወጡና ቤንዚን ልመና ከተማውን ዞሩ። ሰው እህል ሲለምን አይቻለሁ፤ ሽማግሌ ነጋዴ በየቤቱ ቤንዚን ሲለምን ያየሁት ያኔ ነው። ሃይላንድ ግማሽ ይዘው ተመለሱ፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። እኛ ለማስነሻ ከያዝነው ጋር ተደምሮ ለመሄጃ ሊበቃ ይችል ነበር፣ ለመመለሻ ግን አይሆንም። አጎቴ ከረጢቱን አስተነፈሰው። ወደ ይታይሽ መንደር ሄድን።

መንደሩ የደረስነው ከሰዓት ነው። ይታይሽ ፀጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ ጋቢዋን አጣጥፋ አስራ፣ ደጃፉ ላይ በእጇ ምሰሶ ይዛ ቆማ ነበር። ምጡ ጠዋት ጀምሯታል። ባሏ አዲሱ ከኋላዋ እንደ ልጅ ቆሟል።

«ፍራሹስ የት አለ?» አለችኝ። በስልክ ነግሬያት ስለነበር ነው።

«ታሟል» አልኋት።

«እኔም ታምሜያለሁ» አለችና ፈገግ ልትል ስትል ሌላ ምጥ ያዛት።

ባጃጁ ውስጥ አስተኝተናት አጎቴ ወደ ወገዳ አዞረ። ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለና ቆመ። እንደገና አስነሳው፤ እንደገና ቆመ። የመንደሩ ሰዎች መጥተው፣ አሁንስ የታች ጋይንቷ ከተማ አርብ ገበያ ትቀርባለች፣ እዚያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ አለች፣ ሲነጋ ገበያተኛ በዚህ ያልፋልና በቃሬዛ ትሂድ አሉ። ደውለን መኪና ልንለምን ብንል ያን ማታ ኔትወርክ ጠፍቷል። ያ ሌሊት እንዴት እንደነጋ አልጽፈውም።

ዓርብ

እነሆ ስለ ቃሬዛ። ሁለት አጠና በጠፍርና በጋቢ ይያያዝና ሰው ይተኛበታል፤ ለአራት ይሸከሙታል። በዚያ አገር ቃሬዛ አይታለፍም። ማንም መንገደኛ ሲያገኘው የያዘውን አስቀምጦ ትከሻውን ያስገባል፤ ማን ናት ብሎም አይጠይቅም። በእኛ ከተማ ሰው ወድቆ ሲታይ መጀመሪያ የሚወጣው ስልክ ነው።

ገበያተኛው ብዙ ነበር። በግ የሚጎትት በጉን ለሚስቱ ሰጠ፤ ገብስ የጫነ አህያውን ለጎረቤቱ ሰጠ። አንድ ሰውዬ በቅርጫት ዕንቁላል ይዞ ነበርና ዙሪያውን ሲያይ እኔን አገኘ።

«አንቺ ልጅ፣ ዕንቁላል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እንደማታውቂ ሁነሽ ያዢው። የሚያውቅ ነው የሚሰብር።»

ያንን ቅርጫት በራሴ ላይ አድርጌ ከእህቴ ቃሬዛ ኋላ ቁልቁለቱን ሁሉ ወረድሁ። ወንዙ ጋ፣ በጋ ስለሆነ ውኃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ሲሻገሩ «ቀስ፣ ቀስ በል፣ የሰው ልጅ ነው» ይባባላሉ። ይታይሽ መጀመሪያ ትጣራ ነበር፤ በኋላ ዝም አለች።  አጎቴ የፊተኛውን አጠና ይዞ ለማንም ተራ አልሰጥ አለ፤ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ፣ «አንተ ጌታዬ፣ ትከሻህ የመንግሥት ነው እንዴ? ልቀቅ፣ እኛም እንጽደቅበት» ብለው ከእጁ ወሰዱት።

አርብ ገበያ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ሕዝቡ እንደ ውኃ ተከፍሎ አሳለፈን። ሰውዬው ከእኔ ዕንቁላሉን ተቀብሎ ሳይቆጥረው፣ «እግዜር ይማርልሽ» ብሎ ወደ ገበያው ገባ።

ነርሷ ወጣት ናት። ይታይሽን እንዳየች ፊቷ ተለወጠ፤ ግን ጊዜ አላጠፋችም። እኔን እጇን ያዢ አለችኝ፤ ያዝሁ። ልጁን በእጇ አዙራ፣ ብዙ ደክማ አወጣችው። ሴት ነበረች። ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነበር። አልተነፈሰችም። ነርሷ መላልሳ ሞከረች፤ ከዚያ ጨርቁን አለበሰቻት። ይታይሽ ደም ፈሷት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በሞትና በሕይወት መካከል ዋለች። ማታ ላይ ዓይኗን ገለጠች።

ውጭ ግንብ ስር ተቀምጠን ሳለ ጌሾዋን ሸጣ የምትመለስ አንዲት ሴት ቆመች፤ እመት ጥሩዬ ትባላለች። ከየት እንደመጣን ጠየቀችንና፣ «ቤቴ እዚህ ነው። ግንብ ስር የሚያድር የውሻ ዘመድ ነው፤ ተነሱ» አለች። ጎመን በአይብ አበላችን። እኔ እጄን ሰበሰብሁ። እሷም «ብዪ» አላለችኝም፤ ብቻ ትሪውን ከድና ከጎኔ ተወችው፤ ሳላስበው በልቼው ተገኘሁ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት ቀን ነው፤ ወደ መቃብር የሄዱት ሴቶች የሚታሰቡበት። አዲሱ በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቄሱን ጠየቀ። ቄሱ አዝነው፣ አጽናንተው፣ ነገር ግን ክርስትና ላልተነሳች ፍትሐት የለም፣ ቅጥር ውስጥም አትቀበርም ብለው መለሱት። ያንን ሲነግረን ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። ወደ መንደር ይዣት እንዳልሄድ ይታይሽ ገና አልጠናችም፣ እዚህ እንዳልተዋት አገሩ የሰው አገር ነው አለ።

እመት ጥሩዬ ማጀት ሆና ትሰማ ነበር። ወጣችና፣ «ከጌሾዬ ሥር ቦታ አለ» አለች።

«የሰው ጓሮ እንዴት…» አለ አዲሱ።

«የኔም እዚያ ነው ያለ። ብቻዋን አትሆንም።»

 የጎረቤት ሴቶች መጡ። እናቴ ለይታይሽ የላከችው አዲስ ነጠላ ለሁለት ተቀደደ፤ ሕፃኗ በግማሹ ተጠቀለለች። ጌሾው አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነበር። ሴቶቹ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም፤ እንዲህ ላለው አይለቀስም አሉኝ። እኔ ግን አለቀስሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።

እሑድ

ዳግም ትንሣኤ ነበር። ከተማው እንደገና አርዶ እንደገና ይበላል። ይታይሽን ወደ እመት ጥሩዬ ቤት አምጥተናት መደብ ላይ ተኝታለች። አጎቴ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗን ማየት ፈርቶ ከበሩ አጠገብ ይቀመጥ ነበር።

«ጋሼ» አለችው።

«ወዬ።»

«ጉድጓዱ ሞተ ወይስ ታመመ?»

«ታሟል።»

«ይድናል?»

«ኮምጣጣው ተቀድቶ ወጥቶ፣ ትኩስ እበትና አመድ ገብቶበት፣ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ከበላ ይድናል። ግን እኔ ከእንግዲህ አልነካውም። ቤት ያለውንም እደፍነዋለሁ።»

ይታይሽ ጋቢዋን ወደ ላይ ሳበች። «የአዲሱ እህት ብርቱካን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። እሷም ነርሷ ሆስፒታል ሂጂ ብላታለች። በሐምሌ ያ ወንዝ ሞልቶ ቃሬዛ አያሻግርም። የቀራት የወገዳ መንገድ ነው።»

አጎቴ ሊወጣ ተነሳ።

«አንተ ስትደፍን እሷ በምን ትሂድ?» አለች ይታይሽ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «እኔን ያመለጠኝን ለሷ አድርስላት። ከዚያ ብትፈልግ ድፈነው።»

ሰኞና ከዚያ በኋላ

ይታይሽ እመት ጥሩዬ ዘንድ ሰነበተች፤ «አራስ ናት፣ ልጅ ባይኖርም አራስ አራስ ነው» ብላ ገንፎ እያገነፋች አልለቅም አለቻት። አጎቴና እኔ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥለን፣ ዳገቱ ላይ የቀረውንም ባጃጅ በገመድ አስጎትተን ወገዳ ገባን።

ጋሽ ሰይድ ሰምተው ኖሯል። ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ኮምጣጣውን በባልዲ እየቀዱ ግማሽ አድርሰውታል። ሽታው ሰፈሩን አስለቅቆታል። አጎቴን ሲያዩ ባልዲውን አስቀመጡና፣ «መጀመሪያ ስደበኝ፤ ከዚያ ሥራ እንጀምር» አሉ።

«ባልዲውን ወዲህ ይበሉ» አለ አጎቴ።

እመት ዘሀራና እኔ ከየበረቱ እበት ለቀምን። በእኛ ቤት እበት ስነካ አፍንጫዬን እይዛለሁ፤ እዚያ በእጄ አፍሼ ተሸከምሁ። ሰዎች አንድ ቁና አመድ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ እያመጡ ያስቀምጣሉ፤ ትርፍራፊ ግን ማንም አላመጣም፤ ጋሽ ሰይድ ከልክለዋል። እኔ ትምህርት ስለተከፈተ በቅሎ ከሚነዱ ነጋዴዎች ጋር ተመለስሁ። አጎቴ የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ብዙ ስላልቀረው ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ እዚያው ቀረ።

አሁን ሰኔ ገብቷል። እዚህ መካነ ኢየሱስ ዝናቡ ጀምሯል፤ ይህን የምጽፈው ቆርቆሮው እየጮኸ ነው። ትናንት አጎቴ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ደወለ። ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ ነበልባል ይይዛል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይጠፋል አለኝ። ከበፊቱ ግን ይቆያል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ይቆያል። ገና ሞተር አያስነሳም እንጂ።»

ብርቱካንስ እንዴት ናት አልሁት። የዝናቡ ድምፅ በእሱም በኩል ይሰማ ነበር።

«ሆዷ ገፍቷል» አለኝ።